የእናቴን መዳፍ ያቃጠለው ቻርጀር

ዛሬ ረፋዱ ላይ እናቴ የሚጨስ ስልክ በባዶ እጇ አንስታ፣ "ቢስሚላህ!" እያለች ከሱቃችን ወደ ደጅ ወረወረች።

ባሕር ዳር ጨርቅ ነው የምንሸጠው። ስልኬ ቻርጅ ላይ የነበረው ከጣቃው አጠገብ ነው፤ የአራት ዓመት ልጄም እዚያው ተኝታ ነበር።

የእማዬ መዳፍ ውሃ ቋጥሯል። እሷ ግን "ልጅቷ ደህና ናት?" ብቻ ነው የምትለው።

ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄድሁ፤ ቻርጀሩን ለካው። "አምስት ቮልት መስጠት ሲገባው እስከ ዘጠኝ ይዘላል። የስልኩን መቆጣጠሪያ ሲያበላሸው ባትሪው ከልክ በላይ ይሞላል፤ ያብጣል፣ ይነዳል" አለኝ።

ቻርጀሩን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ሳምንት። ሻጩ ኦርጅናል ነው ብሎ ምሎልኛል። (ሳልጠይቀው መማሉ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር።)

ቻርጀሩንም ስልኩንም ለሻጩ ይዤለት ሄድሁ። "ባትሪሽ አርጅቶ ነው፤ ቻርጀር ምን ያደርጋል?" ብሎ ሳቀብኝ። ዓይኔ እያየ ያንኑ ዓይነት ለአንድ ሽማግሌ ዘረጋላቸው!

"አባባ፣ እናቴን ያቃጠላት ይሄ ነው" ብዬ የነደደውን ስልክ አሳየኋቸው።

"እግዜር ይስጥሽ ልጄ" ብለው ቻርጀሩን መለሱለት።

"ገበያዬን አትዝጊብኝ!" ብሎ ጮኸብኝ። ነገም እዘጋበታለሁ።

እናንተስ ባትሪ አብጦባችሁ ያውቃል? በምን ቻርጀር እንደሆነ ከታች ጻፉልኝ፤ ለደንበኞቹ አነብላቸዋለሁ።