እትዬ ጸጥታ ጊታር የመረጡ ዕለት

እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ እንኳ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው ስለሚያዩ ተማሪዎቹ «እትዬ ጸጥታ» አሏቸው፤ ስሙም ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው ወጣ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከአንዲት ልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር ነው። ቤት ውስጥ ሬዲዮ የሚከፈተው እርሳቸው ሲወጡ ብቻ ነው።

አማችየው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ አፉ እንደ መቀሱ አያርፍም። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር መማር እንዳማረውና ለጀማሪ የሚሆን ርካሽ ነገር ሊያፈላልግ እንደሆነ በሹክሹክታ ነገራት።

«እማዬ ከነጊታርህ ነው የምታባርርህ» አለች ሚስቱ እየሳቀች።

ሹክሹክታ መያዝ ደግሞ የእትዬ ጸጥታ ሙያ ነበር። ማንኪያቸውን አስቀመጡና «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ።

አማችየውን የጠጣው ውሃ ትን አለው። ዋጋ በማስቀነስ አቻ እንደሌላቸው ስለሚያውቅ ግን «ይሁን፣ ለክርክሩ ይጠቅሙኛል» ብሎ ራሱን አጽናና።

ሱቁ ያገለገሉ የሙዚቃ ዕቃዎች የሚሸጡበት ጠባብ ክፍል ነው። ጊታሮቹ ግድግዳው ላይ ተደርድረው ተንጠልጥለዋል፤ ወለሉ ገና መወልወሉ ስለነበር እርጥብ ነው። አማችየው ገና ከበሩ ዓይኑ የሚያብረቀርቅ ቀይ ጊታር ላይ ተተከለ። ባለሱቁ፣ ሞቅ ያለ ሰው፣ ወዲያው አወረደለትና መሬት ላይ ካለች ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ ከአምፕሊፋየር ጋር በገመድ አገናኘው። የአምፕሊፋየሩን ስፒና ሶኬቱ ላይ ሰካና ጊታሩን ወንበር ላይ አስደግፎ «በል፣ ያዘውና ሞክረው» አለ።

አማችየው እጁን ዘረጋ።

«እንዳትነካ!»

ሱቁ ተናወጠ። አማችየው እንደዚህ ያለ ድምፅ ከአማቱ ጉሮሮ ይወጣል ብሎ አስቦም አያውቅ፤ እጁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ደርቆ ቀረ። እርሳቸው አልፈውት ሄደው ስፒናውን ከግድግዳው ነቀሉና ለባለሱቁ ከፍ አድርገው አሳዩት። ከሦስቱ እግሮች አንዱ በመጋዝ ተቆርጧል።

«የመሬት ሽቦው፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት፣ የሚያልፈው በዚህ ነበር። ማን ቆረጠው?»

«ሶኬቱ ባለሁለት ቀዳዳ ስለሆነ አልገባ ብሎ ነው እንጂ...» አለ ባለሱቁ ግራ ተጋብቶ። «እማማ፣ ምንም እኮ አያደርግም።»

«ቴስተር አለህ?»

ነበረው። መልሶ ሰካና የቴስተሩን ጫፍ የጊታሩ ክር ላይ አሳረፈ። ቴስተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል ቦግ አለች፤ ክሩ ኤሌክትሪክ ይዟል። ባለሱቁ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጠዋት ልጄ ስትጫወትበት ነበር» አለና ያገኘው ሳጥን ላይ ዝርፍጥ አለ። ስልኩን አውጥቶ ቤት ደወለ። ልጁ ደህና ናት፤ የላስቲክ ጫማዋ ሳያተርፋት አልቀረም። 

አማችየው ወደ አማቱ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎ ይሄን ከየት አወቁት?»

እትዬ ጸጥታ ለከበሮ መቺ የሚሆን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ልጅ ሆኜ ባንድ ነበረን» አሉ። «እኔ ጊታር፣ ታላቅ ወንድሜ ዘፋኝ። የምንለማመድበት አዳራሽ ጣሪያው ያፈስ ነበር። አንድ ቀን ጊታሬን ወስዶ አንገቱ ላይ አጠለቀ፤ መሣሪያ ይዞ መዝፈን ያምረው ነበር። ከንፈሩ ማይክራፎኑን ሲነካ ኤሌክትሪክ ያዘው... በቃ። የእኔ አምፕሊፋየር የመሬት ሽቦ እንደሌለው ያወቅነው ያኔ ነው። ቤተሰቡ በጊታር ሞተ ለማለት አፈረና ልቡ ነው ተባለ። እኔም ልቡ ነው አልኩ።»

አማችየው በቁሙ ክው አለ። ሚስቱ አጎቷ በልብ ሕመም እንደሞተ ስንት ጊዜ ነግራዋለች! የሰው ሆዱ የወፍ ወንዱ ይሉት ነገር ያኔ ገባው።

«ጊታሩንስ እንተወው» አለ ቀስ ብሎ።

«ለምን እንተወዋለን? የገደለው ሽቦ ነው» አሉና ተነሡ።

ቀዩን ጊታር አንስተው አንገቱን በአንድ ዓይናቸው አነጣጠሩበት። «ጠሟል።» ሌላውን አወረዱ፤ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች ጫፍ በጣታቸው ዳሰው «ይሄ ጣት ይቆርጣል» አሉ። ሦስተኛው ቡናማ፣ የተጫጫረ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነበር። ቃኙት፤ ክሮቹን ሳብ ሳብ አድርገው እንደገና መቱት። ቅኝቱ ንቅንቅ አላለም።

«መልክ አትግዛ» አሉት። «አንገቱ ቀጥ ይበል፣ ክሩ ከአንገቱ ብዙ አይራቅ፣ ቅኝት ይያዝ። ለጀማሪ ሌላው ጌጥ ነው።»

ከዚያም ገመድ ሳይሰኩበት አንድ ዜማ ተጫወቱ። ጣቶቻቸው አንገቱ ላይ ሲሮጡ አማችየው አፉን ከፍቶ ቀረ። ባለሱቁ በዋጋው አልተከራከረም፤ ያሉትን ተቀበለ።

ቤት ሲደርሱ የእትዬ ጸጥታ ልጅ ወሬውን የሰማችው ከባሏ ነው። መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ የእናቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋ ሞተ።

«እማዬ፣ በልብ ነው ያልሽኝ! ጊታርም ይዘሽ አታውቂም፤ ማነሽ አንቺ?»

«እናትሽ ነኝ» አሉ እትዬ ጸጥታ።

ልጅቱ ለብዙ ቀን አኮረፈች። እያኮረፈች ግን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ አስፈተሸች። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ወጣ፤ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ የመሬት ሽቦ የሚባል አልገባለትም። ስንት ዓመት ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን በእርጥብ እጅ ስትነካው እንደኖረች ስታስበው ሄዳ የማሽኑን ስፒና ነቀለች።

አዲሱ ሽቦ ተቀብሮ፣ ሦስቱም እግሩ የተሟላ አምፕሊፋየር ተገዝቶ፣ እትዬ ጸጥታ ቡናማውን ጊታር ሰኩ። ልጃቸው መጥታ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«አጎቴ ይዘፍነው የነበረውን» አለች።

ተጫወቱላት፤ ዘፈኑላትም። ሻካራ፣ ግን የማይዋዥቅ ድምፅ ነበራቸው። ልጅቱ እናቷን ስትዘፍን ሰምታ ስለማታውቅ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ሁለተኛው ግጥም መሐል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ቀጥይ እንጂ እማዬ።»

«ቀሪውን እርሱ ነበር የሚያውቀው» አሉ። «ጽፎት አላሳየንም።»

አሁን ሁልጊዜ እሑድ ሦስቱም ይቀመጣሉ። አማችየው ጣቱ እየቆሰለ ይለማመዳል፤ ልጅቱ ለጎደለው ግጥም ስንኝ ትሞክራለች፤ እትዬ ጸጥታ ደግሞ «አይሆንም፣ እንደገና» ይላሉ።