ባልዲ ሲመታ የሚመጣው አዞ

ኃጢአቴን ልናዘዝ፦ ይህን የምጽፈው ሳላስፈቅድ ባነሳሁት የአጎቴ ስልክ ነው።

ዛሬ ባሮ ወንዝ ዳር አዞ የአንድ ቱሪስት እግር ይዞ ወደ ውሃው ጎተተው።

አጎቴ አስጎብኚ ነው። አዞው ለፎቶ እንዲወጣለት ባልዲ በዱላ እየመታ ዓሣ ይወረውርለታል። «የኔን ባልዲ ድምፅ ለይቶ ያውቃል» ብሎ ይኮራል። እውነቱን ነው፣ ያውቃል።

ዛሬ ዓሣው ከገበያ ሳይመጣ ባልዲውን መታ። አዞው መጣ፤ ያገኘው ሰውየውን ነው።

ዓሣ አጥማጆች በመቅዘፊያ ደብድበው አስጣሉት። እግሩ የሚተርፍ አይመስልም። በምን ቋንቋ እንደጮኸ አላውቅም፤ እናቱን እንደጠራ ግን ገብቶኛል።

አጎቴስ? ማንጎ ዛፍ ላይ ነበር። ጉልበቴን ያመኛል ብሎ ደረጃ የማይወጣው ሰውዬ!

አሁን ሳሎን ውስጥ ለጎረቤት ሽማግሌዎች «ከልክዬው ነበር፣ ራሱ ነው የገባው» እያለ ነው። እነሱም «ፈረንጅ መቼ ይሰማል!» ይላሉ።

ነገ ሌሎች እንግዶች አሉት። ባልዲው ዓሣ ተሞልቶ በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

ባሮ ዳር የባልዲ ድምፅ ከሰማችሁ ሽሹ፤ ልጆቻችሁንም ከውሃው አውጡ። እናንተ ሰፈርስ አውሬ የሚያለምድ ሽማግሌ አለ? ጻፉልኝ፣ እኔ ብቻዬን…

«አንቺ ሄለን! ስልኬን ይዘሽ ምን ትሠሪያለሽ?»