ዘጠኝ ንቦች

አሁን የማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ፣ ዝገት የጀመረው ሰሌዳ አለ። «የርክበ ብናኝ የአትክልት ስፍራ» ይላል፤ ንብና ቢራቢሮ ብናኝ ከአበባ አበባ የሚያደርሱበት ማለት ነው። በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ፤ በየቀኑም ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሰሌዳው በተተከለበት ክረምት በባዮሎጂ ተመርቄ ሁለተኛ ዓመቴን ሥራ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ምዕራብ ዓባያ ያለችው እናቴ ስትደውል «ምን አሉህ?» ማለቷን ትታ «ጤናህስ?» ብቻ ማለት ጀምራ ነበር። ያ ከጥያቄው የባሰ ነው። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አስጠርቶኝ የክረምት በጎ ፈቃድ ወጣቶቹን እንድመራለት ጠየቀኝ። ልጆቹ ከክፍል ወጥተው ሳይንስ የሚማሩበት፣ ንብና ቢራቢሮ የሚመጣበት የአበባ ቦታ እንድንሠራ ነው። «ጥቅምት ላይ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ። ነገሩ ካማረ ለቅጥር ስምህን እኔ ራሴ አቀርባለሁ» አለኝ። ስሜ እንዲቀርብ የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ቦታው ባዶ አልነበረም። ዘሩ ካልሲ ላይ እየተሰካ የሚያስቸግረው ጨጎጊት፣ ማንም ያልተከለው በሶብላ፣ ስሙን የማላውቀው ሐምራዊ አበባ ያለው ሐረግ ሞልቶበታል። ሃያ ገደማ ሆነን፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን፣ ዶማና ገጀራ ይዘን ገባንበት። የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያቸውን እንደያዙ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ከጋሞ ደጋ የወረዱ፣ አባታቸው ንብ ያረቡ የነበሩ ሴት ናቸው።

«ይሄ አትንቀል ልጄ» አሉኝ። «ንብ ይሄን ነው የሚበላ። አባቴ ቀፎ ሲሰቅል መጀመሪያ ይሄ አለ ወይ ብሎ ነው የሚያይ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ አረም ነው። እኛ በፕላን ነው የምንሠራው» አልኳቸው። ፈገግ ብዬ ነው ያልኩት፤ የተማረ ሰው ላልተማረ የሚያሳየውን ያን የሚያስጠላ ፈገግታ። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። እሳቸው የነቀልነውን በጋሪ እየጫኑ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ደፉት።

ከአደባባይ ማስዋቢያ የተረፈ ችግኝ ተሰጠን፤ ቡገንቪላና የአበባው ቅጠል ተደራርቦ መሃሉ የማይታይ ፅጌረዳ። መሃሉ የተሸፈነ አበባ ላይ ንብ ምን ትቀስማለች? የአራት ዓመት ትምህርቴ ይህን ለማወቅ አያንሰኝም ነበር። አውቀው ነበር ማለት ነው። ግን ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ የተሰጠንን ተከልን። ወጣቶቹ ከልባቸው ሠሩ፤ በእነሱ አልፈርድም። ዝናቡ ሲያቋርጥ ከኩልፎ ወንዝ በጀሪካን ውሃ እያመላለሱ አጠጡ፣ ጠርዙን ኖራ በተቀባ ድንጋይ ከበቡት።

ጥቅምት ላይ የአምስተኛ ክፍል ልጆችን አወጣኋቸው። ገና አስተማሪ ሳልሆን «ቲቸር» ይሉኝ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር። ሥራው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ተክል ፊት ይቀመጣል፣ አበባው ላይ ያረፈውን ንብ፣ ቢራቢሮና ዝንብ ይቆጥራል፣ ደብተሩ ላይ ያሰመረው ሰንጠረዥ ውስጥ ይጽፋል። ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። ሩብ ሰዓት አለፈ። ንብ የለም። ቢራቢሮ የለም። በየምሳ ዕቃው ላይ የምትንጋጋው ዝንብ እንኳ አልፈለገችንም።

ርዕሰ መምህሩ እንግዶቹን አስከትሎ በጠጠሩ መንገድ ሲመጣ አየሁ። ከልጅ ወደ ልጅ እየዞርኩ በሹክሹክታ «ቁጥር ጻፉ፤ ሰባትም ስምንትም፣ እየለያያችሁ» አልኩ። ጻፉ። አንዲት ልጅ ብቻ እርሳሷን አላነሳችም።

«ቲቸር፣ ምንም አልመጣም» አለችኝ። ንብ በሚለው ሥር ጥርት ያለ ዜሮ ጽፋለች።

«መጥቷል፤ ስላላየሽ ነው።»

«እያየሁ ነበር እኮ።»

እርሳሱን ከእጇ ወሰድኩ። ዜሮዋ ላይ ጭራ ጨመርኩና ዘጠኝ አደረግኳት።

ከእንግዶቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ ያነበበው የእሷን ደብተር ነው፤ ሌላ ደብተር የጠፋ ይመስል። «ዘጠኝ ንብ። ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ማስተዋል» አላት። ተጨበጨበላት። ልጅቷ አበባውን አየች፣ እኔን አየች።

እንግዶቹ ቢሮ ገብተው ለስላሳ ሲጠጡ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ እጄን ይዘው ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። የደፉት ክምር ሥር ሰዶ፣ ዘሩ ረግፎ፣ እንደገና አብቧል። የንቡ ድምፅ ገና ሳንደርስ ይሰማል።

«እዚህ ነው ያለ ልጄ። ልጆቹን አምጣቸው» አሉኝ። ሊያሳፍሩኝ አልነበረም። ልጆቹ እንዲያዩ ፈልገው ነው።

ልጆቹ ገና ግቢ ውስጥ ነበሩ። መጥራት እችል ነበር። ግን ከሽንት ቤት ጀርባ ባለ አረም ማን ሥራ ይሰጠኛል? «ሌላ ቀን፣ እማማ» አልኳቸው። ሌላ ቀንም አላመጣኋቸውም።

ስሜ ቀረበ፤ ተቀጠርኩ። እናቴ በስልክ እልል አለች። ፅጌረዳዎቹ በበጋው ደረቁ፤ ቡገንቪላው ሰሌዳውን በከፊል ሸፍኖታል። ክምሩ በአንድ የጽዳት ዘመቻ ተቃጠለ። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ወደ ደጋቸው ተመለሱ። ሳይሰናበቱኝ አልሄዱም፤ ያ ይበልጥ ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ያቺ ዜሮ የጻፈችው ልጅ ሰባተኛ ክፍል ደርሳ የእኔ ተማሪ ሆነች። ባለፈው ሳምንት ከአጥሩ ሥር ጨጎጊት በቅሎ አየሁና ክፍሉን አውጥቼ ላስቆጥር ወሰንኩ። ምንም ካልመጣ ምንም አልመጣም ብላችሁ ጻፉ ልላቸው ነበር። ይህን ለማለት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሰንጠረዡን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አሰመርኩ፤ እስኪገለብጡ በዴስኮቹ መሃል ዞርኩ። እሷ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ንብ ስምንት፣ ቢራቢሮ አራት፣ ዝንብ ስድስት። ድምሩም ተሠርቶ ከሥሩ ተሰምሮበታል።

«ገና አልወጣንም እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ ቲቸር» አለችኝ፤ እንዳርምላት ደብተሯን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።