አገር ለአገር ሽምግልና በጆሃንስበርግ

ሐሙስ፣ ረፋድ ላይ

«ጆሃንስበርግ ሙቀት ነው፤ ስስ ሹራብ ይበቃሻል» ያለኝን ባልደረባዬን የእጁን ይስጠው። ከአዲስ አበባ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ፣ አውሮፕላን ላይ የቀረበልኝን ዳቦ ቀማምሼ፣ ጥቂት አንቀላፍቼ ስወርድ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ፀሐይዋም ቦግ ብላለች። ብርዱ ግን አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ለካ እዚህ ሰኔ የብርድ ወቅት ነው። ዝናብ የለ፣ ጭቃ የለ፣ ደረቅ ብርድ ብቻ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሻንጣዬን እጎትታለሁ።

የላከኝ የምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ትንንሽ አገሮች ስለ ዓለም ሰላም የሚመክሩበት ጉባኤ አለ ተባለና፣ ሌላ ሰው ሲጠፋ እኔ ተገኘሁ። ሦስት ቀን ንግግር መስማት ማለት ነው ብዬ ትራሴንም ይዤ ልሄድ ምንም አልቀረኝ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

መውጫው በር ላይ ስሜን በካርቶን ጽፎ የጠበቀኝ ሾፌር ኤርሚያስ ይባላል፤ የሆሳዕና ልጅ። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርጎ፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግሩ የመጣ ነው። ሶዌቶ ውስጥ ሱቅ ሲሠራ ከርሞ አሁን መኪና ገዝቶ እንግዳ ያመላልሳል። አማርኛውን ያለሰለሰው እዚሁ፣ ከወላይታውም ከጉራጌውም ከአዲስ አበቤውም ጋር ሲነግድ ነው።

«እህቴ፣ ሮቦት ላይ ስንቆም መስኮት እንዳትከፍቺ» አለኝ ገና ሳንነሳ። ሮቦት የሚሉት የትራፊክ መብራቱን ነው።

ከኋላ ወንበር ላይ ሌላ እንግዳ ተቀምጠዋል። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ የሳር ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ፣ ሁለት ካፖርት ደርበው የሚንቀጠቀጡ ሴትዮ። ሌሊያ ይባላሉ፤ ኤርሚያስ እንደዚህ አገር ሰው «ማማ» ይላቸዋል፤ እኔም ተቀበልኩት። የአንዲት ትንሽ ደሴት አገር መልእክተኛ ናቸው። የአገራቸውን ስም አልጽፍም፤ ትልቅ ጎረቤት አላቸው፣ የጎረቤታቸው ጆሮም ትልቅ ነው።

በኢትዮጵያ በኩል ባሕር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለንም አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

«እኛ ደግሞ ከባሕር ሌላ የለንም» አሉ።

መንገዱ ሰፊ ነው፤ አጥሩ ረጅም፣ አጥሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ማዕድን ሲወጣ የተከመረው ቢጫ አፈር እንደ ጤፍ ክምር በየቦታው ቆሟል። አዘጋጆቹ ተሰብሳቢውን ሁሉ ያሳረፉት ከዮቪል ሰፈር ወረድ ብሎ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ዮቪልን ስናቋርጥ ኮንጎዎች ፀጉር ይቆርጣሉ፣ ናይጄሪያዎች ስልክ ይጠግናሉ፣ ቲማቲም በሳጥን ላይ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ሙዚቃው ከአራት አቅጣጫ ይጮኻል። ማማ ሌሊያ መስኮቱ ላይ ግንባራቸውን ተክለው፣ ይህ አንድ መንገድ ብቻውን ከአገራቸው ሕዝብ ይበልጣል አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ለካ የምራቸውን ነው።

ዓርብ፣ ቀኑን ሙሉ

አሁን ነገሩን ላስረዳ። ጉባኤው ሲያልቅ አንድ የጋራ መግለጫ ይወጣል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይነበባል፤ ማንም እጁን ካላወጣ ይጸድቃል፤ አንድ ሰው እጁን ካወጣ ይሰረዛል። ትንንሾቹ ብቻ አይደሉም ያሉት፤ ትልልቆቹም ወንበር አላቸው፣ ስማቸው እንዳይነሳ የሚጠብቅ ሰው ይልካሉ።

ማማ ሌሊያ የመጡት ለአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ደሴታቸውን ከማዕበል የሚከልል ረጅም የዐለት አጥር ባሕሩ ውስጥ አለ፤ መሀሉ ላይ ጀልባ የሚያስገባ አንድ ክፍተት አለው፤ ሌላ መግቢያ የላቸውም። ትልቁ ጎረቤት እዚያ ዐለት ላይ ባንዲራ ተክሎ፣ የጥበቃ ጀልባ አቁሞ፣ የእኔ ነው ብሏል። እሳቸው የሚፈልጉት «የአገር ድንበር በጉልበት አይገፋ፤ ይህም ዐለት የደሴቲቱ ነው» የሚል ነው።

ረፋድ ላይ በሙከራ ንባብ ተነበበ። ከፊት ረድፍ አንድ እጅ ወጣ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሱፉ የማይጨማደድ፣ ትሑት፣ ለሁሉም በር የሚከፍት ሰውዬ። የትልቁ አገር መልእክተኛ ነው። እኔ አቶ ጎረቤት ብዬዋለሁ። በማግስቱ የመጨረሻው ንባብ ነው፤ ያኔም እጁን ካወጣ አለቀ።

ከሰዓት ኤርሚያስ ፊታቸው መጥቆሩን አይቶ ሁለታችንንም ሶዌቶ ይዞን ሄደ። የአጎቱ ልጅ የደገፋ ሱቅ አንድ ክፍል ናት፤ በብረት ፍርግርግ ታጥራ፣ ዳቦ፣ ዘይት፣ ሻማ፣ የስልክ ካርድ በቀዳዳዋ ይሸጥባታል። የሰፈሩ ልጆች ደገፋን «ሳውቦና» ብለው ሰላም ይሉታል፣ እሱም «ዬቦ» ብሎ ይመልሳል፤ ዙሉኛው ከእንግሊዝኛው ይሻላል። ከጎረቤት ኮታ ገዛን፤ የዳቦ ሩቡን ፈልፍለው ድንች ጥብስና ቋሊማ የሚሞሉበት ነው። ዓርብ ስለሆነ ቋሊማውን አስወጥቼ ድንቹን ብቻ በላሁ፤ ሻጯ እንደ በሽተኛ አየችኝ።

ደገፋ ሲያጫውተን፣ አምና አንድ ያገራችን ሰው ፊት ለፊቱ ሱቅ ሊከፍት መጥቶ ሊደባደቡ ነበር አለ። ፖሊስ አልጠሩም። ሽማግሌዎች መጡ፣ መንገዱን በእግራቸው ለኩ፣ «ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲህ የአንተ፣ ወዲያ የእሱ» አሉ፤ አበቃ። ለማማ ሌሊያ ተረጎምኩላቸው። ማን ያስከብረዋል ብለው ጠየቁ። ደገፋ ራሱን አከከ።

«ማንም። ሰው ምን ይለኛል ነው እንጂ።»

እሳቸውም፣ እኛም ያለን ይኸው ብቻ ነው አሉ። ጥበቃ ጀልባ የላቸው፣ ወታደር የላቸው። ወረቀት ላይ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ጀልባ አያባርርም፤ ግን እስካሁን «የናንተ ነው» ብሎ የጻፈላቸው አንድም ወረቀት በዓለም ላይ ስለሌለ፣ አቤት ባሉ ቁጥር «ማን አለ?» ይባላሉ። ሌላ ጊዜ ሰው ለመላክም አቅሙ የለም። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፤ እኔም መሀረቤን አቀበልኳቸው። ጋዜጠኛ አንጀት የለውም ያለው ማን ነው?

ስንመለስ ኤርሚያስ መሪውን እንደያዘ፣ «ታዲያ ሰውዬው ላይ ሽማግሌ አይላክበትም?» አለ። ሳቅሁ። አገርና አገር በሽማግሌ አይታረቅም፣ ይኼ ዲፕሎማሲ ነው አልኩት። «ሻርፕ» አለ ብቻ፣ እንደ ጆሃንስበርግ ሰው። እሺ ማለቱ መስሎኝ ረሳሁት።

ቅዳሜ፣ ቁርስ ላይ

እንቁላሌን ልቆርስ ስል በሩ ተከፈተ። ኤርሚያስ ከፊት፣ ከኋላው ሦስት ሽማግሌዎች። ጋሽ ወልዴ በሱፋቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ የሶዌቶን የሱቅ ድንበር የለኩት እሳቸው ናቸው። ሐጂ ከድር ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ሜይፌር ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ። ሦስተኛው ስማቸውንም አልነገሩኝ፣ ቃልም አልተነፈሱ፤ ሽምግልና ላይ አንድ ዝም የሚል ሰው አይጠፋም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቀጥ ብለው ወደ አቶ ጎረቤት ጠረጴዛ ሄዱና ቆሙ። ኤርሚያስ በዓይኑ ጠራኝ። ምን ላድርግ፣ እንግሊዝኛ የምችል እኔ ነኝ፤ ከጋዜጠኛነት ወደ አስተርጓሚነት ወረድኩ።

አቶ ጎረቤት ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው። አንቀመጥም አሉ። አስተናጋጇ ሻይ አመጣች። አንጠጣም አሉ። ሰውዬው ግራ ገብቶት፣ እሱም ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ አላስቻለውምና፣ የናፕኪን ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። እንቁላሉ ቀዘቀዘ። የሌላው አገር መልእክተኛ ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ያያል።

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጥግ ላይ ሻይ ይዘው ወደተቀመጡት ማማ ሌሊያ አመለከቱ። «ልጄ፣ የምንለምንህ ከባድ ነገር አይደለም። ይህችን ሴት ስማት። ስማትና እንቀመጣለን።»

ተረጎምኩ። ከማማ ሌሊያ ጋር እንዳይነጋገር መመሪያ እንዳለው፣ በመንግሥቱ ስም እንደማይችል በትሕትና መለሰ። ሐጂ ከድር ትርጉሙን ሰሙና፣ በመንግሥትህ ስም ማን ለመነህ፣ በራስህ ስም ሻይ ትጠጣለህ አይደል አሉ። ሰውዬው ፈገግ አለ። የተሸነፈው እዚያች ላይ ይመስለኛል። ለማማ ሌሊያ ወንበር ሳበ።

እሳቸው ተናገሩ፤ ጮክ ብለው አይደለም። ዓሣ አጥማጆቻቸው ሲመሽ ክፍተቱ ጋ ሲደርሱ የጥበቃ ጀልባው መብራት ያበራባቸዋል፤ ወረቀት ይጠየቃሉ፤ አንዳንዴ እስኪነጋ ማዕበል ላይ ያድራሉ። የቤታቸው መብራት እየታያቸው። «ቤታችን ለመግባት ፈቃድ እንጠይቃለን» አሉ።

ከዚያ ጋሽ ወልዴ ስንት ጠብ ያበረዱበትን የለመዱትን መንገድ ያዙ። ሁለቱም ተው ተው ተባብለው ዐለቱን እኩል ቢካፈሉትስ? ልተርጉም አልተርጉም ብዬ ትንሽ አመነታሁ፤ ተረጎምኩ። ማማ ሌሊያ ኩባያቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ቤት በር አለህ? ግማሹን ለሰው ትሰጣለህ?» አሉ ቀጥታ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞረው። «እሱ ስፍር ቁጥር የሌለው ወደብ አለው። እኔ የምገባበት ያ ብቻ ነው።»

እንግሊዝኛ ይሉኝታ አያውቅም፤ ሽማግሌን አንተ ይላል። እንደወረደ ተረጎምኩት፤ ፊቴ ጋለ። ጋሽ ወልዴ ግን አልተቆጡም። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እኔ እርሻ መስሎኝ ነበር አሉ፤ እርሻ ቢሆን ፈር ለፈር ተካፍሎ ይኖራል።

«ይኼስ ደጅ ነው። ደጅ አይካፈልም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ አቶ ጎረቤት ዞሩ፤ አልገሰጹትም፣ አልለመኑትም፣ ሰማህ ወይ ብቻ አሉት። ሰውዬው ጠረጴዛውን እያየ ሰምቻለሁ አለ። ሦስቱም እንደ አንድ ሰው ተቀመጡ፤ ሻይ መጣ፤ ሐጂ ከድር ስኳር በዛ አድርገው አማሰሉ። የአቶ ጎረቤትን የሱፍ ጨርቅ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ጥሩ እንደሆነም መሰከሩ።

ሲወጡ ተሳካ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጋሽ ወልዴ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የኛ ሥራ ማሰማት ነው፣ ሌላው የህሊናው ነው አሉና ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

አዳራሹ ጢም ብሏል። የማማ ሌሊያ ተራ ሲደርስ ሦስት ደቂቃ ተሰጣቸው። የተጻፈውን ንግግር አጥፈው ከቦርሳቸው ከተቱት። እኛ ትንሽ ስለሆንን ሰላም የምንለምን ይመስላችኋል፣ ትልቁም ሰው ማታ ቤቱ መግባት ይፈልጋል አሉ። ሌላም አሉ፤ እኔ ግን መቅረጫዬን እያየሁ ስለነበር ግማሹ አመለጠኝ። እንቅልፍ የጠበቅሁበት ስብሰባ ላይ ከወንበሬ ጫፍ ተቀምጫለሁ።

ንባቡ ተጀመረ። ስለ አየር ንብረት ጸደቀ። ስለ ስደተኞች ጸደቀ። ሰብሳቢዋ ገጹን ገለጡና የዐለቱን ዓረፍተ ነገር አነበቡ፤ ተቃውሞ አለ ወይ አሉ።

ሁሉም ወደ ፊት ረድፍ አየ። ወንበሩ ባዶ ነው። የአቶ ጎረቤት ኮት መደገፊያው ላይ ተሰቅሏል፤ ብርጭቆው ውስጥ ውኃ አለ፤ ሰውዬው የለም። ሰብሳቢዋ አንዴ ወደ ወንበሩ፣ አንዴ ወደ በሩ አዩ። ደግመው ጠየቁ። ማማ ሌሊያ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መዶሻው ጠረጴዛውን መታ። ጸድቋል።

ማማ ሌሊያ አልጮኹም። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ዕንባቸው በጣታቸው መሀል ይወርዳል። እኔም ከእሳቸው ጋር አለቅስ ነበር፤ ግን ሥራ ሥራ ነው፣ የሰውዬውን አስተያየት ማግኘት አለብኝ ብዬ ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ።

ከመጨረሻው መስኮት አጠገብ፣ በሸሚዝ ብቻ፣ በዚያ ብርድ ቆሟል። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ጠጋ አልኩ። አያወራም፤ የስልኩም መብራት ጠፍቷል። አየኝና አላወረደውም።

«አለቀ?» አለኝ በቀስታ።

«አለቀ።»

«ጸደቀ?»

«ጸደቀ» አልኩት።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። መቅረጫዬን አየ፤ ራሱን ነቀነቀብኝ፤ እኔም አጠፋሁት። ሸሚዙን አስተካክሎ፣ ስብሰባ አምልጦት እንደተቻኮለ ሰው ፈጠን ብሎ ወደ አዳራሹ ገባ።