በአንድ ጊዜ የመረቁት ሽማግሌዎች

ወንድሜ ወልቂጤ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ነበረው። እኔ ቀን ቀን እዚያ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ እማራለሁ። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ እኔ ገና ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የክፍል ጓደኞቼ በአክብሮት «እትዬ» ይሉኛል፤ በዚያው አክብሮት የቤት ሥራዬን ይገለብጣሉ። ሱቁ ውስጥ ወንድሜ የቀረጸውን ሠርግ እየመረጥኩ መቁረጥና መቀጠል፣ ላዩ ላይም መጻፍ የእኔ ሥራ ነው። «አንቺ እኮ ፊልም ስትቆርጪ ልክ ባለመቀስ ልብስ ሰፊ ነሽ፤ አንድ ክር አታሳልፊም» ይለኛል። ማመስገኑ ይሁን ማማረሩ እስካሁን አልለየልኝም።

ካሴት እየቀረ ዲቪዲ የገባበት ጊዜ ነበር። የሚሊኒየሙ ባነር ፀሐይ አንጥታው ገና ከአስፋልቱ ዳር አልወረደም። ዲቪዲን ሰው የወደደው ስለ ጥራቱ አልነበረም፤ ማጠንጠን ስለሌለው ነው። ዲስኩን ሲከቱት አንድ ገጽ ይመጣል፣ የሚፈልጉትን መርጠው በሪሞት ይጫኑታል። ወንድሜ ይህን ገጽ «ሜኑ» ይለዋል። አንድ ደንበኛ ስሙን ሰምቶ «ክትፎም አለበት?» ብሎ ጠይቆናል።

በዚያ ሰሞን አንድ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ልጁን ለቡታጅራ ሰው ዳረ። ነጋዴው የጸሎት ቤታችን ሰው ነው፤ የከተማው ትልቅ ሰው፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ያኮረፈ የሚፈልግ። ከእኛ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሠርጉ የመረቁት ሽማግሌዎች ሁሉ ሜኑው ላይ የየራሳቸው መስኮት ይኑራቸው። ማንኛቸውም ቤቱ ሲመጡ መስኮታቸውን ተጭኖ የገዛ ምርቃታቸውን ሊያሰማቸው ነው።

«ፎቷቸውን ደርድረን እናስገባለን ጋሼ» አለ ወንድሜ።

«የምን ፎቶ! ቴሌቪዥን ላይ ዝም ብሎ የቆመ ፎቶ የማን ነው? የሞተ ሰው! ነገ አንዱ ቤቴ መጥቶ ራሱን እንደዚያ ሲያይ ‹ቀበርከኝ ወይ› አይለኝም? ይንቀሳቀሱ እንጂ።»

ነገሩ ትክክል ነበር፤ በእኛ አገር የቆመ ፎቶ የሚወጣው ለመርዶ ነው። ወንድሜም እያንዳንዱን ሽማግሌ በትንሽ መስኮት ውስጥ አንቀሳቀሰው። ከቸሃ የወረዱት፣ ከቡታጅራ ከአማቾች ወገን የመጡት፣ የጸሎት ቤቱ አስተዳዳሪ፣ ጎረቤታቸው የሆኑት ሐጂ ሳይቀሩ፣ ሁሉም በየመስኮታቸው እጃቸውን ዘርግተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ድምፅ የላቸውም። ገጹን ሳየው በረት ሙሉ ጥጃ ጠባቂውን የሚጠራ መሰለኝ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። እኔ የማስበው አንድም ሽማግሌ እንዳይረሳ ነበር። ሦስቴ አጣርቼ አንድም አለመረሳቱን አረጋገጥኩ።

ከዚያ ሠርጉን ዲስኩ ላይ ልንጽፍ፣ «ራይት ልናደርግ»፣ ተነሣን። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሜኑውን ያዘጋጃል። አረንጓዴዋ መስመር ቀስ እያለች ታድጋለች፣ ታድጋለች፣ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ስትል ትቆማለች። መስኮቱ ነጭ ይሆንና እንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣል። መዝገበ ቃላቴን አውጥቼ ተረጎምኩት፤ «ፕሮግራሙ ባልተጠበቀ ምክንያት ተዘግቷል» ይላል። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ሲዘጋ ግን እኛ ቁጭ ብለን እየጠበቅነው ነበር።

ወንድሜ መላ የማያጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ሙቀት ነው ብሎ የኮምፒውተሩን ጎን ፈታና ፎቶ የሚነሡ ደንበኞችን ፀጉር የሚያናፍስበትን ማራገቢያ አዞረበት። ቀጥሎ ቮልቴጅ ነው አለና የጎረቤቱን ስታብላይዘር ተዋሰ። ከዚያ ባዶዎቹ ዲስኮች ፎርጅድ ናቸው አለ። ከዚያ ቫይረስ። ከዚያ ፕሮግራሙ ራሱ ከአዲስ አበባ የመጣ የኮፒ ኮፒ ስለሆነ ደክሞታል አለ። በመጨረሻ እጁን ማሽኑ ላይ ጭኖ ጸለየ።

«አሜን» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

የሙሽራዋ እናት ነበሩ፣ የገበያ ዘንቢላቸውን እንደያዙ። ሠርጉ ካለፈ ጀምሮ በመጡ ባለፉ ቁጥር ጎራ ይላሉ። አግዳሚው ላይ ይቀመጡና «ደረሰ?» ይላሉ፤ «ትንሽ ቀረው» እንላቸዋለን።

«ምን አግኝቶት ነው የምትጸልይለት?» አሉ አሁን።

«ይቆምብናል እትዬ። መሃል ላይ ደርሶ ስታክ ያደርጋል።»

«እኔም እንደሱ ባደርግ ጥሩ ነበር። ያን ዕለት መሃል ላይ ብቆም ኖሮ ልጄን አያት ነበር።»

ነገሩን ቀስ ብለው ነገሩን። የሠርጉ ዕለት ሙሉውን ጓዳ ነበሩ። ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ ክትፎው፤ ሴት ሁሉ የሚያየው እሳቸውን ነው። «ቅቤው እስከ ክርኔ ደርሶ ነበር። መዝሙሩን ሰማሁ። ከዚያ የመኪናውን ጥሩምባ ሰማሁ። እጄን ታጥቤ ብቅ ስል መኪናዋ ከጠጅ ቤቱ ጋ ትታጠፋለች። የሰውን ሁሉ ልጅ ስሸኝ ኖሬ የራሴ ስትወጣ አላየሁም። እሷን ብቻ አሳዩኝ፤ ምርቃቱ ለእሱ ይሁን።»

ወንድሜ ማራገቢያውን ማስተካከል ጀመረ። ምንም ያልተበላሸ ነገር ማስተካከል ልማዱ ነው፣ ልቡ ሲነካ።

አባትየው ደግሞ ለእሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹን ሁሉ ቤቱ ጠርቷቸዋል፤ ዲስኩን ሊያሳያቸው። ስለዚህ መጠርጠሩን ትቼ ከፊልሙ አንዳንድ ነገር እያወጣሁ መሞከር ጀመርኩ። በትምህርት ቤት ሒሳብ ሲሳሳትብኝ የማደርገው እንደዚያ ነው፤ ከመስመሮቹ አንዱን እየሸፈንኩ አያለሁ። መዝሙሩን አወጣሁ፤ ተዘጋ። ወንድሜ በየመሃሉ የሚበትናቸውን ልቦችና ርግቦች አወጣሁ፤ ተዘጋ። እንዲያውም ርግቦቹን መልሼ አላስገባኋቸውም፤ እስካሁን የማመኻኘው በማሽኑ ነው። ቀጥዬ ሽማግሌዎቹን አወጣሁ፤ ሜኑውንም ምርቃቱንም፣ በሙሉ። መስመሯ አደገች፣ ግማሽ አለፈች፣ ሄደች፣ ሄደች። ኮምፒውተሩ ምላሱን አውጥቶ ትኩስ ዲስክ ሰጠን።

«ሽማግሌዎቹ ናቸው!» አለ ወንድሜ።

የፕሮግራሙን መመሪያ ከመዝገበ ቃላቴ ጋር ሳነበው ነገሩ ግልጽ ሆነ። የሚንቀሳቀስ መስኮት ሁሉ የማሽኑን ሚሞሪ ይካፈላል፤ ሲበዙ ማሽኑ አይችላቸውም፤ ቀንሱ፣ ወይም በቆመ ፎቶ ተኩ ይላል።

እናትየው አግዳሚው ላይ ሆነው ሰምተው ሳቁ። «እኛ አገር ሽማግሌ የሚመርቀው በተራ ነው። አንዱ ሲመርቅ ሌላው አሜን ይላል። እናንተ ሁሉንም አንዴ አስጮሃችኋቸው። ማሽኑ ምን ያድርግ? ሰውም ቢሆን ይወድቃል።»

የሙከራውን ዲስክ ሰጠኋቸው። የሠርጉ ፊልም ሽማግሌ የሌለበት ብቸኛው ቅጂ እሱ ነው። በጋዜጣ ጠቅልለው ዘንቢላቸው ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ በላይ አስቀመጡት።

አባትየውን መጋፈጥ ቀረ። ወንድሜ ወንድነቱን ሁሉ ሰብስቦ፣ «ጋሼ፣ ስድስት ሽማግሌ ከሆነ ይሠራል» አለው።

«ስድስት? ማንን ላስወጣ? አንተ ና እሑድ ቤቴ ቁምና ለሰባተኛው ንገረው!»

«ፎቶ ካደረግነው ደግሞ…»

«ቀብር አልኩህ እኮ።»

ያን ጊዜ እኔ፣ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ሲኖር የማልናገረው፣ «ሜኑው ይቅር» አልኩ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «ዲስኩ ሲገባ ቀጥ ብሎ ይጀምር። በሠርጉ ቀን በመረቁበት ተራ፣ ሁሉም ሙሉውን፣ ያለ መስኮት።»

«በዕድሜ ነው የመረቁት?»

«በዕድሜ ነው ጋሼ።»

አሰበበት። «ስለዚህ ማንም ማንንም ዘሎ አይሄድም?»

«መዝለያው የለም።»

ፊቱ በራ። «ታዲያ ይሄ አይሻልም ነበር? ገና ከጅምሩ ምን ያስለፋችኋል!»

እሑድ ወንድሜ ዲስኩ እንዳያሳፍረን ብሎ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። ዲስኩ ያለ አንዳች እንቅፋት ሄደ። የመጀመሪያው ሽማግሌ በቴሌቪዥን መረቁ፤ ክፍሉ በሙሉ «አሜን» አለ፤ ሽማግሌው ራሳቸውም ለገዛ ምርቃታቸው አሜን አሉ። ሁለተኛው፤ አሜን። ሐጂው ሲደርሱ «አሚን» ተጨመረበት። ሪሞቱ አባትየው ጉልበት ላይ ነው። ሰዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ማን ያፈጥናቸዋል? ከቸሃ የመጡት አባት ግን በራሳቸው አልረኩም። «እዚህች ጋ አሳጥሬዋለሁ፤ መኪናው ስለቸኮለ ነው» አሉና ጎድሎ የቀረውን እዚያው ተነሥተው መመረቅ ጀመሩ። ክፍሉ ዞሮ ለእሳቸው አሜን ይል ጀመር።

በዚህ መሃል ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሙሽራዋ ከቤት ወጣች። ማንም አላያትም። እናትየውም የሉም፤ እንግዳ አለና እንደገና ጓዳ ናቸው። አላስቻለኝም፤ ሮጬ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይምጡ፣ እየወጣች ነው!»

እሳቸው ጎመኑን እያወጡ ቀና አላሉም። «እኔማ አይቻታለሁ ልጄ። እሱ ሱቅ ሲሄድ በሩን እየዘጋሁ፣ ስንቴ! ያቺ ዲስክሽ ሽማግሌ የላት፣ ምን የላት፤ ወዲያው እሷ ናት።» ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ዞር ብላ አየችኝ እኮ።»

«እርስዎን?»

«ጓዳውን ነዋ። መኪናው ውስጥ ልትገባ ስትል። ጀርባዋ ነው የሚታየው፣ ግን ወዴት እንደምታይ አውቃለሁ፤ ቤቴ እኮ ነው። ፈልጋኛለች።»

ያንን ቦታ ስንት ጊዜ አመላልሼ አይቼዋለሁ። አንገቷን የምታዞረው የቀሚሷ ጫፍ አንድ ነገር ይዞባት ነው ብዬ ነበር። ወንድሜ «ጀርባ ነው፣ ቁረጪው» ሲለኝ ያልቆረጥኩት፣ ከቆረጥኩት የሚቀጥለው አልገጥም ስላለኝ ብቻ ነው። ይህን ለእሳቸው መንገር አላስፈለገም።

ከሳሎን አንድ ረጅም «አሜን» መጣ፤ ከዚያ የቸሃው አባት ድምፅ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ።

እናትየው ቆጮና ክትፎ የሞላ ሣህን እጄ ላይ አስቀመጡ። «በይ ቶሎ አድርሺላቸው። ሲያኝኩ እንኳ ዝም ይላሉ።»