ተልባና የአባቴ ልብ

ለሑዳዴ ወደ ደብረ ታቦር የተመለስሁት ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ የአይጥ ልብ ስጠግን ከርሜ ነው። መንገድ ላይ ሐሙሲት ከተማ የሚኒባሱ ጎማ እስኪቀየር ድረስ ትምህርቴን ለተሳፋሪው ሁሉ አስረድቻለሁ። ቤት የምቆየው ለሁለት ቀን ብቻ ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው። ልባቸው ደክሞ ሐኪም በቀን አንድ ካፕሱል አዞላቸዋል፤ እንዳያቋርጡም አጥብቆ አስጠንቅቋቸዋል። እኔ ገና ሳልቀመጥ ትምህርቴን ማስረዳት ጀመርሁ። የታመመ ልብ የሚጠግነው ሴል ብቻውን በመርፌ ቢወጋ ልብ ሲመታ አጥቦ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ዝልግልግ ነገር ውስጥ ቀላቅለን እንወጋዋለን። ዝልግልጉ በመርፌው ይፈስሳል፤ ልብ ውስጥ ሲደርስ ይረጋና ሴሉን ይዞ ያቆየዋል።

«እንደ ተልባ» አሉ አባቴ።

«እንደ ተልባ» አልሁ ቅር እያለኝ።

«ከምን ትሠሩታላችሁ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። «ከከብት ቆዳና አጥንት። የእርስዎም ካፕሱል ቅርፊቱ ከዚያው ነው።»

አባቴ በእጃቸው የያዙትን ካፕሱል አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ኪሳቸው መለሱት።

እናቴ ተልባ መውቀጧን አቆመች። «ልብ ልትጠግኚ ነው የመጣሽ ልታቆሚ?»

መሄዴን ተውሁት። ከጎናቸው ተቀምጬ በጾም መድኃኒት ለበሽተኛ እንደሚፈቀድ ለቄስ ሰበክሁ። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ብለው ዳዊታቸውን ገለጡ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ዳገቱ ላይ ትንፋሻቸውን እያዳመጥሁ ተከተልኋቸው። በምላሴ አባቴን የገደልሁ መስሎኝ ፈራሁ።

በስምንተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጾም ሲፈታ፣ ማድቤት ስገባ አባቴ ካፕሱሉን ከፍተው ዱቄቱን ተልባቸው ውስጥ ሲያራግፉ ደረስሁባቸው። ባዶ ቅርፊቶቹ መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። ስምንት ናቸው።

«ቅርፊቱ ነው እንጂ ዱቄቱ ምን አደረገኝ?» አሉና ጠጡት። «ዝልግልግ ውስጥ ቀላቅሉት ያልሽ አንቺ አይደለሽም?»

ወዲያው ለሐኪሙ ደወልሁ፤ ያ መድኃኒት ተከፍቶ ቢወሰድ ግድ የለውም አለኝ። ያኔ ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለወጠ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ሳምንት ሙሉ ስለምንዎት?»

አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ብነግርሽ በማግስቱ ወደ አይጦችሽ ትሄጂ ነበር።»

ከመጣሁ ጀምሮ በሩ አጠገብ የቆየውን ሻንጣዬን አልጋ ሥር ከተትሁት።