ጥቅምት ሃያ ዘጠኝን ያልተቀበለው ኮምፒዩተር

ባለፈው ሰሞን አብሮኝ የሚያስተምረው ናትናኤል ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ ክፍላችን ገባ። ከሐዋሳ ተመድቦ ቢቸና ከመጣ ዓመት አልሞላውም። የስክሪኑ ምስል ተለጥጧል፤ ዳር ላይ የሚደረድራቸው ዊጀቶች፣ ሰዓቱም የአየር ሁኔታውም፣ ጥቁር ሣጥን ሆነዋል። «ምን አደከመኝ፣ ፎርማት አደርገዋለሁ» አለ። እኔ ደግሞ ሳላስበው «ቆይ እስቲ፣ ዛሬ ስንት ነው ይላል?» አልኩት። ጤንነቴን እንደ ተጠራጠረ ሰው አየኝ። አልፈረድኩበትም። ይህን ጥያቄ ያስተማሩኝ ሰው ያሉት ሞጣ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደብረ ማርቆስ ኮምፒዩተር ተምሬ፣ ቢቸና ውስጥ አንዲት ጠባብ የጥገና ቤት ተቀጥሬ ነበር። ጠጋኝ ነበርኩ ስል ብዙ ነገር የማውቅ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዬ ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነበር። ቫይረስ ገባ፣ ፎርማት። ድምፁ ጠፋ፣ ፎርማት። አለቃዬ ጋሽ ኃይሉም ከዚህ ሌላ መድኃኒት አያውቁም። እጄ ፈጣን ስለነበረ ብቻ አዋቂ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሞጣ ተደወለ። ደዋዩ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የፎቶ ቤት ባለቤት ናቸው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒዩተራቸው ተበላሽቷል። «እናኑ፣ አንቺ ሂጂ» አሉኝ ጋሽ ኃይሉ። «እምቢ ካለሽ ያው ፎርማት አድርገሽው ነይ።» ብቻዬን ስላክ የመጀመሪያዬ ስለነበር፣ ደስታዬን ለመደበቅ ፊቴን አዙሬ ሲዲዎቼን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ጥቅምት ነበር። መንገዱ ያኔ አስፋልት አላየም፤ አውቶቡሱ ኮረኮንቹን ሲወጣና ሲወርድ ጥርሳችን ይንቀጫቀጭ ነበር። ደብረ ወርቅ ላይ በመስኮት የባቄላ እሸት ገዛሁ። ግንደወይን ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ ስንጠብቅ ፀሐይዋ ሞቀችን፣ እኔም እሸቴን እየፈለፈልኩ ቢጫ መሆን የጀመረውን ጤፍ አያለሁ። ዛሬም ቢሆን ጥሬ ባቄላ ስቀምስ ያ የኩራት ስሜት ትንሽ ትንሽ ይመጣብኛል።

ጋሽ ሰይድ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ የሚያደርጉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ስክሪኑን አንዴ አይቼ በሽታውን ነገርኳቸው። ምስሉን የሚያዘው የግራፊክስ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ተበላሽቷል፤ እሱ ሲወድቅ ዊጀቶቹም አብረው ጠቁረዋል። እሳቸው ግን ምስሉ መለጠጡ ግድ አልሰጣቸውም። ጥግ ላይ ያለችውን አንዲት ጥቁር ሣጥን በጣታቸው ነክተው፣ «ይቺን ብቻ መልሺልኝ» አሉ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይቺማ ጌጥ ናት። ለሥራ አታስፈልግዎትም።»

«ለኔ ዋናዋ እሷ ናት።»

ነገሩን ያስረዳችኝ ልጃቸው ፋጡማ ናት። ሣጥኗ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ተራ በተራ የምታሳልፍ ዊጀት ነበረች። ሙሽራ ይመጣል፣ የመታወቂያ ፎቶ ይመጣል፣ በሬ የገዛ ገበሬ ይመጣል። በመሀል ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተችው እናቷ ዘይነባ ትመጣለች። በቤታቸው ፎቶ ግድግዳ ላይ መስቀል አልተለመደም። አባቷ ግን እየሠሩ ቀና ሲሉ ድንገት ብቅ ስትል ማየት ለምደዋል። «ዛሬ ሁለቴ መጣች ብሎ ይነግረኛል» አለችኝ።

ሥራ ጀመርኩ። ድራይቨሩን ከሲዲው ልጭን ብል ማሽኑ ድራይቨሩ ላይ ያለው የአምራቹ ፊርማ ትክክለኛ አይደለም እያለ ይመልሰኛል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስት ጊዜ መለሰኝ። አላበኝ። በመጨረሻ የማውቀውን አንድ መድኃኒት አወጣሁ። «ፎርማት ማድረግ አለብኝ» አልኩ።

«ፎቶዎቹስ?»

«ይጠፋሉ። የያዝኩት ፍላሽ ሩባቸውን እንኳ አይችልም።» ይህን ያልኩበት ድምፅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ የአቧራ ነገር የማወራ ነበር የምመስለው።

ጋሽ ሰይድ ጥቁሯን ሣጥን አየት አደረጉ። ከዚያ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አሉ። «አንቺ የያዝሽው ግን አፍሰሽ የማትለቅሚውን ነው፣ ልጄ። ይቅር። እንደ ተበላሸ ይኑር።» ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መኪና ስለሌለ እደሪ ተባልኩ። ፋጡማ ለቤተሰቡ ሥጋ ወጥ አቅርባ፣ ለእኔ ሳትጠይቀኝ ሽሮ በቃሪያ ሠርታልኝ ነበር፤ ሞጣ ውስጥ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ እንደሚለይ ማን ይነግራታል! ሽሮው ይጣፍጥ ነበር፤ እኔ ግን ለጋሽ ኃይሉ ምን ብዬ እንደምመለስ እያሰብኩ ሳልጨርሰው ተነሣሁ።

ጠዋት ለመሰነባበት ፎቶ ቤቱ ስገባ ጋሽ ሰይድ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጠው ያጉረመርማሉ።

«ዛሬስ ምን ነካው? ሃያ ዘጠኝን እምቢ አለኝ።»

«የምን ሃያ ዘጠኝ?»

«የጥቅምትን ነዋ። ጠዋት ጠዋት ቀኑን የማስተካክልለት እኔ ነኝ። ፎቶው ላይ የፈረንጅ ቀን እየወጣ ሰው ሲስቅብኝ፣ አዲስ ዓመት ሲገባ በእኛ ዘመን አደረግኩት። እስከ ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ከሃያ ስምንት አላልፍም አለ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው ብለው ያስገቡት፣ ለማሽኑ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያ ዓመት ሃያ ስምንት ላይ ያልቃል። ዓመተ ምሕረቱንም ሁለት ሺህ ሦስት ብለውታል። የእኔ ድራይቨር የተፈረመው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዐሥር ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው ቢመጡበት የትኛው መዝገብ ቤት ማኅተሙን ያምናል? ማሽኑ ልክ ነበር። ጤነኛ ማሽን ላጠፋ ነበር ማለት ነው። ትናንት የቀኑን ቦታ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም።

ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክዬ ሲዲውን መልሼ ከተትኩ። በዚህ ጊዜ ሳያንገራግር ተቀበለ። ሲጠፋና ሲነሣ እኔ፣ ጋሽ ሰይድና ፋጡማ ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን። ምስሉ ተስተካክሎ መጣ፤ ጥጉ ላይ ያለችው ሣጥንም ተከፈተች። አንዲት ሙሽራ አለፈች። ኮስተር ያለ ፖሊስ አለፈ። ብዙዎች አለፉ፣ ማንም ወንበር አልሳበም። ከዚያ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ፣ ፀሐዩን በእጇ ከልላ፣ ፎቶ አንሺውን አታንሣኝ እያለች የምትስቅ መጣች።

«መጣች» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ለስለስ ብለው።

አለቀስኩ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ላጠፋት ነበር» አልኳቸው።

«እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ። «የእሱን ዘመን ልቀማው አልኩ፣ እሱም የእኔን ያዘብኝ። ከእንግዲህ እሱም በዘመኑ ይኑር።» የእኛን ቀን ከዚያ ወዲያ ፎቶው ጀርባ ላይ በስክሪብቶ መጻፍ ጀመሩ።

በሳምንቱ ትልልቅ ፍላሾች ይዤ ተመልሼ ፎቶዎቹን በሦስት ቦታ ገለበጥኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ፎርማት ያደረግኳቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው፤ ባለቤቱ ምን እንዳይጠፋበት እንደሚፈልግ ሳልጠይቅ የነካሁት ግን የለም። የናትናኤልም ቀን ትክክል ነበር፤ ያበላሸው በቅርቡ የወረደ አፕዴት ነው፤ የቀድሞውን ድራይቨር መልሰን ዳነ። ፎርማት ብታደርገው ኖሮ ምን ይጠፋህ ነበር ብዬ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና፣ ፊቱ ልውጥ አለ። ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩትም።

ጋሽ ሰይድ ሸምግለዋል። ፎቶ ቤቱን ፋጡማ ይዛዋለች። ያ አሮጌ ኮምፒዩተር ግን እሳቸው ከሚውሉበት ክፍል ተቀምጦ ከዚያች ሣጥን ሌላ ሥራ የለውም። በየዓመቱ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ጠዋት ይደውሉልኛል።

«እናኑ፣ ዛሬ ስንት ነው?»

«ሃያ ዘጠኝ ነው፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ይኼ ኖቬምበር ስምንት ነው ይላል» ይሉኛል እየሳቁ። «ይበል ግዴለም። እሷ አለች።»